«አንቺን አይመለከትሽም» ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ስለ ማንነት ፖለቲካና ስለ ሊበራሊዝም

ጥያቄ | የምሽት አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳንምታታ እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

ዘጠኝ ሆነን በየሁለት ሳምንቱ የምንገናኝበት የንባብ ቡድን አለን። አወያዩ እኔ ነኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ የምናነበው ስለ ሊበራሊዝም ነው። ከእንግሊዛውያን ፈላስፎች ከጆን ሎክ ተነሣን፣ ጆን ስቱዋርት ሚል ላይ ብዙ ቆየን፣ አሁን የማንነት ፖለቲካ ላይ ደርሰናል። እስከዚህ ድረስ ክርክራችን ሞቅ ያለ ቢሆንም የወዳጅ ክርክር ነበር። ባለፈው ስብሰባ ግን አንድ ነገር ተበላሸ።

ከመካከላችን አንዲት ዝምተኛ ሴት አለች። ብዙ አትናገርም፣ ሳትዘጋጅም አትመጣም። ያን ቀን በሰማያዊ እስክርቢቶ የተሞላ ሁለት ገጽ ይዛ መጣች። የዕለቱ ጥያቄ መድልዎ ለደረሰባቸው ሰዎች ልጆች ልዩ የትምህርት ዕድል ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚል ነበር። የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብባ ሳትጨርስ አንድ ወጣት አቋረጣት። «ይቅርታ፣ አንቺ በዚህ ውስጥ አላለፍሽም። አንቺን አይመለከትሽም» አላት። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። እሷም አልመለሰችለትም። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው፣ ከዚያ ለአራት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እስክንለያይ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አወያይ ሆኜ ሳለ ወደሚቀጥለው ተናጋሪ አለፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ይከነክነኛል። እኔ ሊበራሊዝምን የወደድኩት ሐሳብን በራሱ ስለሚመዝን ነው። የተናገረው ማን ነው፣ ዘሩ ምንድን ነው፣ ሴት ነው ወንድ ነው አይልም። ሚል በ1859 የተከራከረው አንድን ሐሳብ ዝም ስናሰኝ እውነቱን ለማየት የነበረንን ዕድል ራሳችን እንዘጋለን ብሎ ነው። ሕጉም እንደዚያው ነው፤ ዳኛው ፊት የሚቆመው ግለሰብ ነው። አሁን ግን ብዙ ሰው አደባባይ የሚወጣው የቡድን አባል ሆኖ ነው። «እኔ እንደ…» ብሎ ይጀምራል። «እንደ…» ከተባለ በኋላ መልስ መስጠት ከባድ ነው። ሐሳቡን ብትነካ ሰውየውን የነካህ ይመስላል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሊበራሊዝም ይሄንን ችሎ ይዘልቃል? ወይስ የማንነት ፖለቲካ ከሥሩ እየናደው ነው?

አንድ ልመና፦ የዕለቱን ዜና ወደዚህ አታምጡብኝ። ነገሩን ከሥሩ ማየት ነው የፈለግኩት።

መልስ | የድሮ መዝገብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ አነሣሡ ላይ ግን አንድ ነገር ዘለልክ። ሊበራሊዝም የሚያየው ግለሰብን ነው አልክ። የትኛውን ግለሰብ?

ፈረንሳይን ውሰድ። በ1789 ሰው ሁሉ ነፃ ሆኖና በመብት እኩል ሆኖ ይወለዳል ተብሎ ታወጀ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ አይሁዶች ዜጋ ይሁኑ አይሁኑ የሚል ክርክር ተነሣ። ክለርሞን-ቶኔር የተባለ የምክር ቤት አባል ደገፋቸው። የደገፋቸው ግን እንዲህ ብሎ ነው፦ ለአይሁዶች እንደ ሕዝብ ሁሉንም እንንፈጋቸው፣ እንደ ግለሰብ ሁሉንም እንስጣቸው። ንግግሩ ለዘመኑ ደፋር ነበር። በ1791 ዜግነቱን አገኙ። ግን ውሉን ልብ በል፤ አብሮነታችሁን በር ላይ አስቀምጣችሁ ግቡ ነው።

በዚያው በ1791 ኦሊምፕ ደ ጉዥ የምትባል ሴት የ1789ኙን አዋጅ አንቀጽ በአንቀጽ ይዛ እንደገና ጻፈችው። በፈረንሳይኛ «ሰው»ና «ወንድ» አንድ ቃል ናቸው፤ እሷ «ወንድ» በሚነበብበት ቦታ ሴትን አስገባች። አዲስ ፍልስፍና አላመጣችም፤ ያላችሁትን አድርጉት ነው ያለችው። ሰሚ አላገኘችም። በ1793 በሌሎች የፖለቲካ ጽሑፎቿ ምክንያት አንገቷን በጊዮቲን ተቀላች። የፈረንሳይ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡት በ1945 ነው። ከአዋጁ እስከዚያ 156 ዓመት ነው። ያን ሁሉ ዘመን በሩን የያዘው የወንዶች ማንነት ነበር፤ «ሰው» በሚል ስም ስለቆመ ማንም ማንነት ብሎ አልጠራውም።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። «የማንነት ፖለቲካ» የሚለው አነጋገር የታወቀው በ1977 ቦስተን ውስጥ የተደራጁ ጥቁር ሴቶች ካወጡት መግለጫ ነው። ቡድናቸው ኮምባሂ ሪቨር ኮሌክቲቭ ይባል ነበር። ስሙን የወሰዱት ከባርነት ያመለጠችው ሃሪየት ተብማን በ1863 ከ700 በላይ ባሪያዎችን ነፃ ባወጣችው ዘመቻ ከሚታወቀው ወንዝ ነው። እነዚህ ሴቶች በጥቁሮች ትግል ውስጥ የሴትነት ጥያቄያቸው ወደ ኋላ ይገፋ ነበር። በሴቶች ትግል ውስጥ ደግሞ ጥቁርነታቸው ይረሳ ነበር። ስለዚህ ከራሳችን ሕይወት እንነሣ አሉ። ያሉት ግን እኛ ብቻ አይደለም። እኛ ነፃ ከወጣን ሁሉም ነፃ ይወጣል፣ ምክንያቱም እኛን የሚጫነን ሁሉ ካልፈረሰ እኛ ነፃ አንወጣም ነው ያሉት። ከሌሎች ጋር አብረው ይሠሩ ነበር።

የዚያ ወጣት «አይመለከትሽም» ከዚህ አልተቀዳም። በመንገድ ላይ የሆነ ቦታ ተጣሞ ነው የደረሰው።

መልስ | ከመስኮቱ ሥር

እኔ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ለአንድ ሥራ ፈተና ተጠርቼ ሄድኩ። ፈተናው የሚሰጠው ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም። በሩ ላይ የቆመው ሰው ትሑት ሰው ነበር። «እህቴ፣ ፈተናው ለሁሉም እኩል ነው፤ ለማንም አናዳላም» አለኝ። የዋሸ አይመስለኝም። ከልቡ ነው የተናገረው። እኔ ግን ደረጃዎቹን ቆጠርኳቸው። አሥራ ስምንት ናቸው። ከኔ በኋላ የመጡት ሁሉ እየተጫወቱ ወጧቸው። ማንም አላያቸውም። ለኔ ግን ግድግዳ ነበሩ።

ስለዚህ «ግለሰብን ብቻ እንይ» ሲባል የሚታየኝ ያ ደረጃ ነው። የቀረሁት ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም። ሕንፃው ሲሠራ እንደኔ ያለ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። በ1973 አሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ተቋም በአካል ጉዳተኛ ላይ እንዳያዳላ የሚከለክል አንቀጽ ወጣ። ማስፈጸሚያ ደንቡ ሳይፈረም አራት ዓመት ተንከባለለ። በሚያዝያ 1977 አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ ያለውን የፌዴራል ሕንፃ ያዙና አንወጣም አሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ ቆዩ። ስልክ ሲቋረጥባቸው መስማት የተሳናቸው ሰዎች በመስኮት በምልክት ቋንቋ ወደ ውጭ መልእክት ያስተላልፉ ነበር። ብላክ ፓንተሮች የተባሉት የጥቁሮች መብት ታጋዮች ትኩስ ምግብ ያመጡላቸው ነበር። ይሄንን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። እነዚያ ሰዎች «ይሄ እኛን አይመለከተንም» ሊሉ ይችሉ ነበር። ደንቡ በዚያው ወር ተፈረመ።

በመጋቢት 1990 ደግሞ ዋሽንግተን ላይ ክራንቻቸውንና ዊልቸራቸውን ትተው የምክር ቤቱን ደረጃ በእጃቸው እየተሳቡ የወጡ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት በሐምሌ በአካል ጉዳተኛ ላይ ማዳላትን የሚከለክለው ሰፊው ሕግ ጸደቀ። ዛሬ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ያለውን ራምፕ ማን ነው የሚጠቀምበት? የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ፣ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ። ጥያቄው የተነሣው ከኛ ሕይወት ነው። መልሱ ግን ለሁሉም ሆነ።

ስለዚያች ሴት ልንገርህ። የሚራመዱ ሰዎች ስለ ደረጃ ዝም እንዲሉ እኔ አልፈልግም። ራምፑን የሚሠራው መሐንዲስ አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው። እሱ ዝም ካለ ማን ይሠራልኛል? እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ስማኝ ነው። ደረጃው ሥር ቆሞ ማየት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ አንተ አታውቅም። ከሰማኸኝ በኋላ ግን ራምፑ ምን ያህል ይዘንበል የሚለውን አብረን እናስላው። የአሜሪካው መለኪያ ከፍታው አንድ ከሆነ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ይሁን ይላል። ይሄ ሒሳብ ነው። ለኔም ለመሐንዲሱም አንድ ነው።

መልስ | ጡረተኛ ጠበቃ

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አነበብኩ። በተለይ የእህታችንን። ግን የምሽት አንባቢ ሥጋት ከንቱ አይደለምና ልደግፈው።

ራምፕ ለሁሉም ይሆናል። የዩኒቨርሲቲ ወንበር ግን ቁጥሩ የተወሰነ ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው ይቀራል። የሊበራሊዝም እውነተኛ ፈተና እዚህ ነው ያለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 ኮታ አይፈቀድም፣ ዘርን ከብዙ ነገሮች እንደ አንዱ አይቶ መቀበል ግን ይቻላል አለ። በ2003 ይሄንኑ ሲያጸና፣ ዳኛዋ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ከ25 ዓመት በኋላ አያስፈልግም ብለን እንጠብቃለን ብለው ጻፉ። ሃያ ዓመት ሲሆነው፣ በ2023፣ ፍርድ ቤቱ ራሱ ዘጋው። ከሳሾቹ በእስያውያን አመልካቾች ላይ መድልዎ ተፈጽሟል ብለው ነበር የተከራከሩት። አያችሁ? አንዱን በደል ለማረም ሰውን በሣጥን ስትከፍል፣ ሣጥኑ ሌላ ተበዳይ ያወጣል። እዚያች «እስያዊ» የምትለዋ ሣጥን ውስጥ የሐኪም ልጅም አለ፣ የስደተኛ ልጅም አለ። ሣጥኑ ሁለቱን አይለያቸውም።

በሥራ ዘመኔ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ችሎት ውስጥ ምስክርና ዳኛ የተለያየ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ያየ ሰው ይመስክር፤ ምስክርነቱ ክቡር ነው፣ ማንም አያቋርጠው። ግን የመሰከረ ሰው በራሱ ጉዳይ ፍርድ አይሰጥም። የዚያ ወጣት ስሕተት ሁለቱም ወንበር ላይ መቀመጡ ነው። ደርሶብኛል ብሎ ቢናገር አንጀቴን ይበላኝ ነበር። አንቺ አትናገሪ ሲል ግን ችሎቱን ዘጋው።

ደግሞ በማንነት ብቻ አናሳብብ። የሊበራል ፖለቲካ ራሱ አዳራሹን ባዶ አድርጎታል። በ1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ከሦስት ሠራተኛ አንዱ ገደማ የሠራተኛ ማኅበር አባል ነበር። ዛሬ ከአሥር አንድ ነው። ማኅበር ማለት ደመወዝ ብቻ አልነበረም። ነጩና ጥቁሩ፣ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ አንድ ክፍል ገብተው ስለ አንድ ነገር የሚጨቃጨቁበት ቦታ ነበር። ዘረኝነቱ እዚያም ነበር፣ አልክድም። ግን አንድ ክፍል ነበር። ያ ክፍል ሲዘጋ ሰው ወደ የት ይሂድ? ወደሚያውቀው፣ ወደ ወገኑ ሄደ። ከ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ በኋላ ማርክ ሊላ የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ሊበራሎች ቡድን በቡድን እየጠሩ ማናገሩን ትተው በጋራ ዜግነት ይናገሩ ብለው ሲጽፉ ብዙ ተወቀሱ። እኔ ምክራቸው ልክ ነበር እላለሁ። ስም ስትጠራ ስሙ ያልተጠራው ሰው ይሰማሃል።

መልስ | ዳር ቆሜ

አባቴ፣ «ስሙ ያልተጠራው» ያሉትን ሰው ልጠይቅዎት። በ2014 የሃንጋሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ቪክቶር ኦርባን ሊበራል ያልሆነ መንግሥት እየገነባን ነው ብለው በአደባባይ ሲናገሩ፣ የአገሩ ብዙኃን ስም ተጠርቶላቸዋል። ያም የማንነት ፖለቲካ ነው። ብዙኃኑ ሲያደርገው ግን አገር መውደድ ይባላል። ከኮምባሂ ሴቶች ይልቅ ለሊበራሊዝም የሚያስፈራው ይሄኛው ነው፤ ፍርድ ቤትና ምክር ቤት በእጁ ስላለ።

ሰውን በሣጥን አንክፈል የሚለውም ዋጋ አለው። ፈረንሳይ ከ1978 ጀምሮ የሰውን የዘር ምንጭ የሚመለከት መረጃ መሰብሰብን ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር በሕግ ትከለክላለች። ምክንያቱ ገብቶኛል፣ ከናዚ ወረራ ዘመን የተረፈ ፍርሃት አለ። ግን ቀጣሪዎች በመልክ እየመረጡ እንደሆነ ለማሳየት የሚፈልግ ሰው በምን ይቁጠር? ያልተቆጠረን በደል ዳኛ ፊት ማቅረብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

መልስ | ለምን ትያለሽ

ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም «ቡድኑ» ስትሉ አንድ አፍ ያለው ነገር አስመሰላችሁት። ስለ ቡድኑ የሚናገረው ማን ነው?

ጁሊያ ማርቲኔዝ አሜሪካ ውስጥ በኒው ሜክሲኮ የሳንታ ክላራ ፑዌብሎ ተወላጅ ናት፤ ፑዌብሎ ራሱን የሚያስተዳድር የነባር ሕዝብ ማኅበረሰብ ነው። በ1941 ናቫሆ ከሚባለው ሌላ ነባር ሕዝብ ወገን የሆነ ሰው አገባች። ልጆቿን እዚያው ፑዌብሎው ውስጥ አሳደገች፣ የቴዋ ቋንቋ ተናገሩ፣ በባህሉ አደጉ። ግን በ1939 የወጣው የፑዌብሎው ደንብ ከውጭ ያገባች ሴት ልጆችን አባል አያደርግም ነበር። ከውጭ ያገባ ወንድ ልጆችን ግን ያደርግ ነበር። እሷ ብትሞት ልጆቿ ቤቱንም መሬቱንም መውረስ አይችሉም ነበር። ፍርድ ቤት ሄደች። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1978 ጉዳዩ የፑዌብሎው የራሱ ነው ተባለና ተሸነፈች።

እኔ ይሄንን ጉዳይ ካነበብኩ በኋላ ሁለቱም ወገን ይቆረቁረኛል። የዚያ አገር መንግሥት ነባር ሕዝቦችን ለመቶ ዓመታት ሲያፈርስ ኖሮ፣ ዛሬ ዳኛው ገብቶ «ባህላችሁን አርሙ» ይበል? ጁሊያስ? ሁለት ጊዜ ነው የቀረችው፤ አንዴ በሴትነቷ፣ አንዴ የቡድኑ መብት ይከበር ሲባል።

ለኔ ሊበራሊዝም የሚያስፈልገን ለዚች ሴት ነው። ወገኗን ሳትክድ ወገኗን መክሰስ እንድትችል። የማንነት ፖለቲካን ለመምታት የሚፈልገው ሰው ጁሊያን አያስታውሳትም፣ የሚያወድሰውም አያነሣትም። አንድ ሰው «እኛ እንደ…» ብሎ ሲጀምር እኔ ዙሪያውን አያለሁ። ከ«እኛ» ውስጥ ዝም ያለችው የትኛዋ ናት እላለሁ።

መልስ | የምሽት አንባቢ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አራት ቀን ሙሉ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳችሁ።

ጠበቃው አባቴ፣ የምስክርና የዳኛ ነገር ውስጤ ገብቷል። የሣጥኑ ክርክር ላይ ግን ከዳር ቆሜ ጋር ነኝ። ሣጥኑ መጥፎ መሣሪያ እንደሆነ እቀበላለሁ፤ ያለሱ ግን በደሉ አይታይም። የሚቀረው መቼ እንደሚነሣ መስማማት ነው፣ ለዚያ ደግሞ ኦኮነር ያደረጉት፣ ቀን ቆርጦ ማስታወቅ፣ የሐቀኛ ሰው ሥራ ይመስለኛል።

ከመስኮቱ ሥር፣ ያንቺን ስጨርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። በሩ ላይ የቆመው ትሑት ሰው እኔን መሰለኝ። ለናንተ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ስጽፍ ትዝ አላለኝም ነበር።

ያ ወጣት ከዚያ ስብሰባ አንድ ወር ቀደም ብሎ ስለ አባቱ አውርቶ ነበር። አባቱ ሥራ ለማግኘት ስማቸውን ቀየሩ። ስሙ ከየት እንደመጡ ስለሚናገር ነው። በአዲሱ ስም ተቀጠሩ፣ እስከ ጡረታቸው ድረስ በዚያ ስም ተጠሩ። ወጣቱ ይሄንን ሲናገር እጁ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነበር፣ እየፋቀው። ሲጨርስ ምን እንዳልኩ አሁን በደንብ አስታውሳለሁ። «ያሳዝናል፤ ግን ሁላችንም ሰው ነን፣ በዚህ ባንለያይ ይሻላል። ገጽ አርባ ላይ ነበርን» አልኩ። ከዚያ ንባቡ ቀጠለ። ያን ምሽት እሱም እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተናገረም።

እና እኔ ሊበራሊዝም በማንነት ፖለቲካ እየተናደ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳችሁ። የቡድናችንን መጀመሪያ የናድኩት እኔ ነኝ። በጥሩ ቃል ነው የዘጋሁት፣ ሚልን እያነበብኩ። እሱ በአንድ ወር ልዩነት ሌላ ቃል አግኝቶ እሷ ላይ ዘጋ። የሱን ጥፋት ጥፋት አይደለም አልልም። አሁንም ቢሆን «አይመለከትሽም» የሚለው ቃል ማንም ላይ መባል የለበትም ባይ ነኝ። ግን የመጀመሪያውን ካላረምኩ ሁለተኛውን ለማረም አፍ የለኝም።

ትናንት ለሁለቱም ደወልኩ። መጀመሪያ ለሱ። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ገጽ አርባ ያልኩትን አስታወሰኝ፤ ቁጥሩን እንኳ አልረሳም። ከዚያ ለእሷ ደወልኩ። ወረቀቱ አሁንም እንደታጠፈ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። አንብቢልኝ ብዬ ለመንኳት። የመጀመሪያው ገጽ እንደጠበቅኩት ክርክር ነው፣ ልዩ ዕድሉን በከፊል የሚደግፍ፣ በከፊል የሚጠራጠር። ሁለተኛው ገጽ ግን ክርክር አይደለም። ለሱ የተጻፈ ነው። የአባቱን ነገር ከሰማች ወዲህ ስታስብበት የቆየችው አምስት ጥያቄ ነው፣ የመጀመሪያው «ቤት ውስጥ በየትኛው ስማቸው ነበር የምትጠሯቸው?» ይላል።

የሚቀጥለው ስብሰባ ሐሙስ ነው። ከሁለተኛው ገጽ እንጀምራለን።